የሚዛር ቤት፦ በአንድ የ1972 የጣሊያን የግድያ ፊልም ውስጥ የጥቁሯ ሴት ስፍራ

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1972 በጣሊያን ሲኒማ ቤቶች መታየት የጀመረ አንድ የወንጀል ፊልም አለ። ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በጄኒፈር ገላ ላይ እነዚያ እንግዳ የደም ጠብታዎች ስለምን?» የሚል ሲሆን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ተመልካች ግን «የደማው አይሪስ ጉዳይ» በሚል ስም ያውቀዋል፤ አይሪስ የአበባ ስም ነው። ዳይሬክተሩ ጁሊያኖ ካርኒሜዮ፣ የፊልም ጽሑፉ ደራሲ ኤርኔስቶ ጋስታልዲ፣ ፕሮዲዩሰሩ ሉቻኖ ማርቲኖ፣ የሙዚቃው ደራሲ ብሩኖ ኒኮላይ ናቸው። ታሪኩ የሚፈጸመው በወደብ ከተማዋ በጄኖዋ፣ በአንድ ዘመናዊ ባለ ብዙ ፎቅ የመኖሪያ ሕንጻ ውስጥ ነው። በዚያ ሕንጻ ሚዛር ሃሪንግተን የምትባል ጥቁር ሴት ትኖራለች። ፊልሙ ገና ሲጀምር በአሳንሰር ውስጥ የተገደለች ሴት አስከሬን ከሚያገኙት ጎረቤቶች አንዷ እርሷ ናት። ብዙም ሳይቆይ እርሷም በገዛ ቤቷ ትገደላለች፤ ባዶ የቀረውን ቤቷንም የፊልሙ ዋና ባለታሪክ ጄኒፈር ከጓደኛዋ ከማሪሊን ጋር ትገባበታለች።

ስለ ብዝኃነትና ውክልና በሚደረግ ውይይት ይህን ፊልም ላነሣ የወደድኩት ሚዛር ችላ ለማለት የማትመች ገጸ ባሕርይ ስለሆነች ነው። በጊዜው በጣሊያን ፊልሞች ውስጥ ጥቁር ሴት ስትታይ ብዙውን ጊዜ አገልጋይ ወይም የሩቅ ደሴት ነዋሪ ሆና ነበር። ሚዛር ግን በከተማ፣ በራሷ ስም፣ በራሷ ገቢ የምትኖር፣ የሕንጻው እኩል ተከራይ የሆነች ሴት ናት። ይህን ብቻ ቆጥሮ ለፊልሙ ጥሩ ነጥብ መስጠት ይቻላል፤ አሟሟቷን ብቻ ቆጥሮም ማውገዝ ይቻላል። ሁለቱም መንገድ ፈጣን ነው። እኔ የመረጥኩት ከእኛ የለቅሶ ልማድ የተወሰደ መለኪያ ነው፦ አንድ ሰው ሲሞት መርዶው ለማን ተነገረ? ማን እርሙን አወጣ? ከሞተ በኋላስ በሌሎች አፍ ስሙ የሚነሣው እስከ መቼ ነው? የግድያ ፊልም በመሠረቱ የሞት ታሪክ ስለሆነ፣ የማን ሞት ከባድ፣ የማን ሞት ቀላል እንደሆነ የሚያሳየው በዚህ ነው።

የፊልሙ ዓይነትና ገበያው

ጣሊያኖች እንዲህ ያለውን ፊልም «ጃሎ» ይሉታል፤ ትርጉሙ «ቢጫ» ነው። ስያሜው የመጣው የሚላኑ ሞንዳዶሪ ማተሚያ ቤት ከ1929 ጀምሮ በቢጫ ሽፋን ካሳተማቸው የወንጀል ልብ ወለዶች ነው። በሲኒማ ግን ቃሉ የራሱን ቅርጽ ያዘ፤ በተለይ የዳሪዮ አርጄንቶ የመጀመሪያ ፊልም በ1970 ትልቅ ገበያ ካገኘ በኋላ፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ ገዳይ፣ ስለት፣ ውብ ሴቶችና እስከ መጨረሻው የማይታወቅ ወንጀለኛ ያለባቸው ፊልሞች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዛት ተሠሩ። በፍጥነትና በአነስተኛ ወጪ የሚሠሩ፣ ከጣሊያን ውጭ ጭምር እንዲሸጡ የታሰቡ ሥራዎች ነበሩ። ለዚህም ሲባል ካርኒሜዮ በፊልሙ ላይ የተጻፈው አንቶኒ አስኮት በሚል የእንግሊዝኛ ስም ነው፤ ገጸ ባሕርያቱም ጄኒፈር፣ ሺላ፣ አርተር እየተባሉ ይጠራሉ።

የተዋንያኑን የትውልድ ስፍራ ስንመለከት ፊልሙ በራሱ ዓለም አቀፍ ስብስብ ነው። ጄኒፈርን ሆና የተጫወተችው ኤድዊጅ ፌኔክ የተወለደችው በአልጄሪያዋ የባሕር ዳርቻ ከተማ በአናባ ነው። የሕንጻውን አርክቴክት አንድሬያን የተጫወተው ጆርጅ ሂልተን የኡራጓይ፣ አረጋዊውን ፕሮፌሰር አይዛክስን የተጫወተው ሆርሄ ሪጎ ደግሞ የአርጀንቲና ተወላጅ ነው። የዘመኑ የጣሊያን ፊልም ድምፅ በቀረጻ ቦታ ሳይሆን በኋላ በስቱዲዮ ስለሚገባ፣ የሁሉም የአነጋገር ቃና ከምስሉ ጋር በአንድ ጣሊያንኛ ይዋሐድ ነበር። በዚህ አሠራር ከሜዲትራንያን ማዶና ከደቡብ አሜሪካ የመጡት ተዋንያን ያለ ምንም ጥያቄ በጄኖዋ ከተማ ነዋሪነት ተመዝግበው ያልፋሉ፤ የትውልድ አገራቸው ለታሪኩ ጉዳይ አይሆንም። እንዲህ የመመሳሰል ዕድል ያልተሰጣት ሚዛርን የተጫወተችው ካርላ ብራይት ብቻ ናት። የቆዳዋ ቀለም በድምፅ ቅጂ አይሸፈንም፤ ፊልሙም ሊሸፍነው አልፈለገም፤ እንዲያውም ሊሸጠው ፈለገ።

በመድረክ ላይ ያለችው ሚዛር

የፊልሙን አመለካከት ከሁሉ ይልቅ የሚገልጸው የምሽት ክበቡ ትዕይንት ነው። ሚዛር ኑሮዋን የምትገፋው በአንድ የምሽት ክበብ መድረክ ላይ ወንዶችን ለትግል በመጥራት ነው። ከታዳሚው መካከል የደፈረ ይወጣል፤ እርሷም ትጥለዋለች። ትዕይንቱን ሳየው ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰማኛል። በአንድ በኩል በዚህ ፊልም ውስጥ ወንድን በጉልበቷ የምታሸንፍ ሴት እርሷ ብቻ ናት፤ ካርላ ብራይት ሚናውን በኩራትና በሙሉ የሰውነት ቁጥጥር ስለምትጫወተው፣ ከመድረኩ ላይ ዓይንን ማንሣት ያስቸግራል። በሌላ በኩል ትግሉ የተዘጋጀው ለማን እንደሆነ ግልጽ ነው፤ ልብሷ፣ መብራቱ፣ በዙሪያዋ የተቀመጡት ወንዶች ሁሉ ጥንካሬዋን መገራት እንዳለበት ነገር አድርገው ያቀርቡታል። ጥሪው «ማን ያንበረክካታል?» የሚል ነው፤ ገንዘብ የሚያስገባውም ይኸው ጥሪ ነው።

ስሟም ቢሆን ከመድረኩ የተለየ አይደለም። ሚዛር በሰማይ በትልቁ ድብ ከዋክብት መካከል ያለች የአንዲት ኮከብ ስም ነው፤ ከዐረብኛ የተወሰደ ነው። የአባት ስሟ ሃሪንግተን ደግሞ ፍጹም እንግሊዝኛ ነው። ከሁለቱ ተጣምሮ የሚወጣው ስም ባለቤቷ ከየት እንደመጣች አይናገርም፤ ለማንም ሩቅ አገር ሊያገለግል የሚችል ስም ነው። በአንጻሩ ጄኒፈር ከቀድሞ ሕይወቷ የሚያሳድዳት ባል አላት፤ አዳም ይባላል፤ ብዙ ሰዎች በአንድነት እንደ ባልና ሚስት የሚኖሩበትን የጋራ ጋብቻ በሚያራምድ ቡድን ውስጥ አስገብቷት ነበር፤ የአይሪስ አበባውም ምስጢር ከዚያ ይመነጫል። ቅዠት አላት፣ ትዝታ አላት፣ የምትሸሸው ነገር አላት። ሚዛር ከመድረክና ከአሳንሰር ውጭ ምንም የላትም። እናት፣ ወንድም፣ የልብ ጓደኛ፣ የመጣችበት መንደር አንዱም አይነሣም።

ከዚያም ግድያው ይመጣል። ወንዶችን አንድ በአንድ ስትጥል ያየናት ሴት በቤቷ እጇ ታስሮ በገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ውሃ ውስጥ ተደፍቃ ትሞታለች። ጸሐፊውና ዳይሬክተሩ ይህን ተቃርኖ ሆን ብለው ያደረጉት ይመስለኛል፤ በመድረክ ላይ የቀረበው «ማን ያንበረክካታል?» የሚለው ጥሪ መልስ ያገኘው እዚህ ነው። ተመልካቹ በመዝናኛነት የተጀመረውን ነገር በአስፈሪ መልኩ ሲፈጸም ያየዋል። ገዳዩ በዚህ ትዕይንት ላይ የሚያደርገው፣ ታዳሚዎቹ በክበቡ ውስጥ ከፍለው ሊያዩ የፈለጉትን ነው።

ይህ የቀለም ጉዳይ ነው ወይስ የፊልም ዓይነቱ ጠባይ?

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባ ብርቱ መቃወሚያ አለ። በጃሎ ፊልም ውስጥ ሁሉም ሴት ለስለት ነው የሚቀርበው። በአሳንሰሩ ውስጥ የተገደለችው ሴትም ነጭ ናት፤ እርሷም ታሪክ የላትም። ስለዚህ የሚዛርን ዕጣ በቀለሟ ብቻ ማስረዳት ያስቸግራል ሊባል ይችላል። መቃወሚያው በከፊል እውነት ነው፤ ሆኖም የማሪሊንን ሞት አስተያይተን እንመልከት። ማሪሊን የምትወጋው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚበዛበት ጎዳና ላይ ነው፤ ደሟ እየፈሰሰ አንድሬያ ላይ ትወድቃለች፤ አንድሬያም ደም የማየት ፍርሃት ስላለበት ይሸሻል። ሞቷ ከሌሎቹ ባለታሪኮች ሕይወት ጋር ይተሳሰራል፤ አንድሬያን ተጠርጣሪ ያደርገዋል፤ ጄኒፈርን ያለ ጓደኛ ያስቀራል። ማሪሊን ሐዘንተኛ አላት ማለት ነው። የሚዛር ሞት ለታሪኩ ያበረከተው ዋና ነገር ባዶ ቤት ነው። አንድሬያ ለሁለቱ ሴቶች ቤቱን የሚያገኝላቸው እርሷ ስለሞተች ነው፤ ውብ ቤት በቅናሽ እንደመገኘቱ ያህል ነገሩ በቀላሉ ይታለፋል። ማሪሊን ራሷ ወደ ቤቱ ከገባች በኋላ ቀልድ አዋቂነቷን ለማሳየት ሚዛር የሞተችበትን ገንዳ ለቀልድ ትጠቀምበታለች። ፊልሙ ይህን እንደ ክፋት አልቆጠረውም፤ እኔ ግን ባየሁት ቁጥር አንገቴን ያስደፋኛል።

ምርመራውም ከዚህ አይሻልም። የፖሊስ ኮሚሽነሩ ኤንቺ ለቴምብር ስብስቡ የሚጨነቅ፣ ከረዳቱ ጋር የፊልሙን የሳቅ ክፍል የሚሸከም ሰው ነው። ተጠርጣሪው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሟቿ ማን እንደነበረች ግን ለማወቅ አይደክምም። መርዶ የሚነገረው ዘመድ የለም። እኛ አገር ሰው የሌለው ሟች ሲገኝ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይቀብረዋል እንጂ እንዲህ አይተውም፤ የጄኖዋው ሕንጻ ግን ሰው እርስ በርሱ የማይተዋወቅበት ሕንጻ ነው፤ ይህን የዘመናዊ ከተማ ብቸኝነት ፊልሙ በደንብ ይዞታል። ችግሩ፣ ብቸኝነቱን የጄኒፈር ፍርሃት አድርጎ ሲያሳድገው የሚዛርን እንደ ተፈጥሮ ነገር መቀበሉ ነው።

ከኋላ ያለው ታሪክ

ጥቁር ሴትን «ማን ይገራታል?» በሚል ዓይን ማየት በ1972 በጣሊያን አዲስ አልነበረም። ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ደግሞ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። ኢትዮጵያ ከመወረሯ ጥቂት ቀደም ብሎ በ1935 የተሰራጨው «ፋቼታ ኔራ» የተባለው የጣሊያን መዝሙር «ውብ አበሻ» እያለ የሚጠራትን ሴት ነፃ እናወጣሻለን እያለ የሚያባብል ነበር፤ ወረራውን በአንዲት ሴት ገላ መስሎ ለወጣቱ ወታደር አቀረበው። በቅኝ ግዛቶቹ ውስጥ የጣሊያን ወንዶች ከአገሬው ሴቶች ጋር «ማዳማቶ» በተባለ ያለ ሕጋዊ ጋብቻ የመኖር ልማድ ይኖሩ ነበር። በሚያዝያ 1937 የወጣው አዋጅ ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ ተገዢዎች ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት እንዲቀጣ ደነገገ። ሴቲቱን የምኞት ምስል አድርጎ ያስተዋወቀው ሥርዓት፣ ከእርሷ ጋር መኖርን ወንጀል አደረገው። እንድትታይ ተፈቀደ፤ ቤተሰብ እንድትሆን ግን ተከለከለ።

ጋስታልዲ ሚዛርን ሲጽፍ ይህን አዋጅ ያስብ ነበር ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ ጣሊያን የቅኝ ግዛት ዘመኗን በግልጽ አልመረመረችም፤ በኢትዮጵያ ላይ የመርዝ ጋዝ መጠቀሟን እንኳ መንግሥቷ በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ያልተመረመረ ምስል በፖስተር፣ በቡና ማስታወቂያ፣ በፊልም ላይ እየተገለበጠ ይቀጥላል። በዚያው ዘመን ከኤርትራ፣ ከኢትዮጵያና ከኬፕ ቨርዴ የሄዱ ሴቶች በሮምና በሚላን በሰው ቤት እየሠሩ ይኖሩ ነበር፤ እንደ ሚዛር ሕንጻ ባሉ ቤቶች ውስጥ ወለል የሚያጸዱና ልጅ የሚያሳድጉ እውነተኛ ጥቁር ሴቶች ነበሩ ማለት ነው። ፊልሙ እነርሱን አላያቸውም። ሊያያት የቻለው ጥቁር ሴት መድረክ ላይ ያለችዋን ነው።

ገዳዩና ፊልሙ ያወቀው እውነት

ፊልሙን ያላየ ሰው ከዚህ ቀጥሎ መጨረሻው እንደሚነገር ይወቅ።

የጄኒፈር ጎረቤት ሺላ ሴቶችን የምታፈቅር ሴት ናት፤ ይህንንም አትደብቅም። ለጄኒፈር ያላትን ስሜት ታሳያለች፤ ታሪኩም ለተወሰነ ጊዜ ተጠርጣሪ ያደርጋታል። በሕንጻው ውስጥ ወይዘሮ ሞስ የተባሉ አረጋዊት ደግሞ ፊቱ የተበላሸ ልጃቸውን ደብቀው ያኖራሉ፤ እርሱም እንደ ጭራቅ ቀርቦ ተመልካቹን ለማሳሳት ያገለግላል። ይህ ክፍል ዛሬ ለማየት ይከብዳል፤ የአካል ጉዳትን ከክፋት ጋር የማያያዝ ርካሽ ዘዴ ነው፤ ሌላ ብዙ የምለው የለኝም። ፎቶ አንሺው አርተርም ለሳቅ ተብሎ የተሳለ፣ እየተሽኮረመመ የሚናገር ወንድ ነው።

በመጨረሻ ግን ገዳዩ ከእነዚህ ሁሉ «የተለዩ» ሰዎች አንዱም አይደለም። ገዳዩ ቫዮሊን የሚጫወተው፣ ጨዋው፣ የተከበረው ፕሮፌሰር አይዛክስ ነው፤ የሺላ አባት። ሴቶቹን የገደለው ልጄን አበላሽተውብኛል ብሎ በማመኑ ነው። ጋስታልዲ ብዙ ጃሎ የጻፈ ሰው ነው፤ በዚህኛው ላይ ያደረገው ምርጫ ግን ትኩረት ይገባዋል። ተመልካቹ በጥቁሯ ታጋይ ሴት፣ በሺላ፣ በአርተርና በተደበቀው ልጅ ላይ ዓይኑን እንዲያፈጥ ሲያደርግ ቆይቶ፣ አደጋው ያለው በፈራጁ አባት ቤት እንደሆነ ይነግረዋል። የሕንጻው ሁከት የመጣው ለየት ብለው ከሚኖሩት ሳይሆን ልዩነታቸውን ሊታገሥ ካልቻለው ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ፊልሙ ከዘመኑ ቀድሟል ብዬ አምናለሁ፤ ለዚህም ነው የሚዛር አያያዝ ይበልጥ የሚያሳዝነው። የገዳዩ ምክንያት ሲገለጥ ስለ ሺላ ሕይወት አንድ ነገር እንማራለን፤ ስለ ሚዛር ግን በዚያች ሰዓት እንኳ የሚጨመር የለም። በፕሮፌሰሩ ዓይን «አበላሺ» ነበረች፤ በሺላ ዓይን ምን ነበረች? ያንን አንዲት ዐረፍተ ነገር የሚናገር ሰው ቢኖር ታሪኩ ሌላ ክብደት ይኖረው ነበር።

ከዚያ በኋላ

በቀጣዩ ዓመት፣ በ1973፣ ሰርጆ ማርቲኖ ባዘጋጀው ሌላ ጃሎ ውስጥ ካርላ ብራይት ኡርሱላ የምትባል ሴት ሆና ታየች። በዚያ ፊልም ከፔሩጃ ዩኒቨርሲቲ ሴት ተማሪዎች ጋር ወደ ገጠር ቤት ለዕረፍት ትሄዳለች፤ ካቲያ የምትባል የምትወዳት ሴት አለቻት፤ ጓደኞች አሏት። ከሚዛር ጋር ሲነጻጸር ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ቢያንስ አብሯት የሚበላና የሚስቅ ሰው ተገኘ። ሆኖም ኡርሱላም ትገደላለች፤ ግድያውም የሚፈጸመው የፊልሙ ዋና ባለታሪክ ተኝታ ሳለ፣ ካሜራው በሌለበት ነው። የሚዛር ሞት ለማየት ተዘጋጀ፤ የኡርሱላ ሞት ሳይታይ አለፈ። ሁለቱም ፊልሞች ነጯን ሴት በሕይወት አስቀርተው ይዘጋሉ።

ሚዛር በጄኖዋ በምትገደልበት በዚያው በ1972 ሌላ ወጣት ሴት በጣሊያን ሲኒማ ብቅ አለች፤ በ1951 በደቀመሓረ የተወለደችው ዘውዲ አርአያ። የመጀመሪያ ፊልሟ ርዕስ ስለ ቆዳዋ ነበር፤ የሚቀጥሉትም ብዙዎቹ የሩቅ ባሕር ዳርቻ ውበት አድርገው አቀረቧት። ኤርትራዊ ዝርያ ያላት ኢነስ ፔሌግሪኒም በ1975 በኡምቤርቶ ሌንዚ ጃሎ ውስጥ የፎቶ አንሺዋ ሴት ባልደረባ ናይባ ሆና ተጫውታለች፤ በሁለተኛ ደረጃ ሚና፣ በመታየት (በሞዴልነት) ሥራ ላይ የተሰማራች ሴት ሆና። ዘውዲ አርአያ በ1979 በሰርጆ ኮርቡቺ የናፖሊ የግድያ ኮሜዲ ከማርቼሎ ማስትሮያኒና ከኦርኔላ ሙቲ ጋር ስትሠራ ግን፣ በግድያ ምስጢር ታሪክ ውስጥ ጥቁር ሴት ከታዋቂ ኮከቦች ጋር በአንድ ፖስተር ላይ ስሟ ተጽፎ ታየ። ኋላም የፕሮዲዩሰሩ የፍራንኮ ክሪስታልዲ ባለቤት ሆነች፤ እርሱ በ1992 ካረፈ በኋላ እራሷ በፊልም ማዘጋጀቱ ሥራ ላይ ተሰማራች፤ ጽሑፍ የምታነብ፣ የትኛው ታሪክ እንደሚሠራ የምትወስን ፕሮዲዩሰር ሆነች።